ስለ ፋብሪካ እሳትና ስለ መርዝ ጢስ

ባገራችን እሪታ በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ የያዘውን ሥራ ጥሎ፥ ገበሬው ዱላውን፥ ሴቲቱም እንስራዋን ይዛ ወደ ጮኸው ሰው ቤት መሮጥ ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ቤት ሲቃጠል ጎረቤት የሚሮጠው እሳቱ ነገ ወደ እኔ ይመጣል ብሎ ብቻ አይደለም፤ ሳይደርስ የቀረ ሰው በአገር ፊት ስለሚያፍር ነው። ይህ ልማድ የሚመሰገን ነው፤ ሊጠፋም አይገባውም። ነገር ግን ዛሬ በዋና ከተማችን ዙሪያ የተተከሉት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የያዙት ነገር ከሣር ቤትና ከእህል ጎተራ የተለየ ስለ ሆነ፥ ወደ እሪታው መሮጥ ራሱ የሞት ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ መጥቷል። ስለዚህ ነገር ለባለሥልጣኖችና ለካህናት ጥቂት ለማሳሰብ ወደድን።

ለገዳዲ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ፥ በደሴ መንገድ በኩል ያለ ስፍራ ነው። ስሙም በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀው በውኃው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ግድብና ከርሱ ጋር ያለው የውኃ ማጣሪያ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የዋና ከተማውን ሕዝብ ሲያጠጣ ኖሯል፤ ዛሬም ያጠጣል። በ2015 ዓ. ም. ለገጣፎ ለገዳዲ ከሰበታ፥ ከቡራዩ፥ ከሱሉልታና ከሌሎችም ጋር ተጠቃሎ ሸገር ከተማ በሚባል በአንድ አስተዳደር ሥር ገብቷል። እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን እንደ ቅጥር ይከቧታል። በአንድ ወገን ውኃዋን ይጠብቁላታል፤ ለገዳዲ በምሥራቅ፥ ገፈርሳም በቡራዩ በኩል። በሌላ ወገን ደግሞ በከተማው ውስጥ ስፍራ የጠበባቸውን የሥራ ቤቶች ተቀብለዋል። በሰበታ ቢራ ይጠመቃል፥ አልኮል ይነጠራል፥ ጨርቅ ይሠራል፤ በሌሎቹም የፕላስቲክና የልዩ ልዩ ዕቃ መሥሪያዎችና መጋዘኖች በየመንገዱ ዳር ቆመዋል። እንግዲህ ውኃውና እሳቱ፥ መድኃኒቱና መርዙ በአንድ አጥር ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ክሎሪን መናገር ይገባል፤ በብዙው ዓለም የከተማ ውኃ የሚነጻው በርሱ ነውና። ውኃውን ከደለል የሚያጠራው አልሙኒየም ሰልፌት የሚባለው ጨው ነው፤ ይህንንም በአዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ባገር ውስጥ ይሠራዋል። እርሱ ብዙ አያስፈራም። ከደለል የጠራውን ውኃ ከበሽታ የሚያነጻው ግን ክሎሪን ነው። ክሎሪን በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው ነጭ ዱቄት ሆኖ በበርሜል ነው፤ ሁለተኛው በኀይል ተጨምቆ ፈሳሽ ሆኖ በወፍራም ብረት ውስጥ ታሽጎ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ትልቁ ወደ 1,000 ኪሎ ክሎሪን ይይዛል። ዱቄቱ ራሱ አይነድም፤ ነገር ግን ዘይት ወይም ናፍጣ ቢነካው ማንም ሳይለኩሰው እሳት ያነሣል፤ አሲድ ቢነካው ደግሞ የመርዙን ጢስ ይለቃል። የክሎሪኑን ዱቄት ከናፍጣ በርሜል ጎን ያስቀመጠ ግምጃ ቤት፥ ጠባቂው ሳያውቀው፥ ክብሪቱን ከጭዱ ጋር አብሮ ቆልፏል።

ጋዙ ከዚህ ይልቅ የከፋ ነው። ቀለሙ ወደ ብጫ የሚያደላ አረንጓዴ፥ ሽታውም አፍንጫና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ ነው። ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ እንደ እሳት ጢስ ወደ ሰማይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይፈስሳል፤ ቦይና ሸለቆ፥ ጉድጓድና የምድር ቤት ፈልጎ ይተኛል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ክሎሪን ሲተን ወደ 450 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ እዚያ ካለው እርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ስለሚሆን፥ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፤ ሰውየውም በደረቅ ምድር ላይ ቆሞ በወንዝ እንደ ሰጠመ ሰው ይሞታል። የብረቱ በርሜል እሳት ሲከበው እንዳይፈነዳ ተብሎ ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ የሚቀልጥ መክደኛ ተደርጎለታል፤ መክደኛው ሲቀልጥ በርሜሉ ከመፈንዳት ይድናል፥ ጋዙ ግን ይወጣል። ስለዚህ በበጋ ወራት ከአጥር ውጭ የተነሣ ተራ የሣር እሳት እንኳ፥ ወደ ክሎሪን ቤት ከደረሰ፥ ተራ እሳት መሆኑ ይቀራል።

ዓለም ይህን ጋዝ በመሣሪያነት ያወቀው በጦር ሜዳ ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ. ም. ጀርመኖች በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ የበርሜሎቹን መክፈቻ ከፍተው ለነፋስ ሰጡት፤ በምሽግ ውስጥ ወደ ነበሩትም ወታደሮች እየተንከባለለ ሄደ። እኛም ነፋስ የሚሸከመውን ሞት ከሌሎች አፍ የምንሰማው ነገር አይደለም። በ1928 ዓ. ም. ጠላት ከአየር በወገኖቻችን ላይ ያወረደው የመርዝ ዝናብ ዓይነቱ ሌላ ነበረ፤ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነው። ሆኖም የሕዝቡን ሥቃይ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ. ም. በዠኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ተናግረውታል። ዛሬ ጠላት ሳይመጣ፥ በሰላም ቀን፥ በሥራ ስሕተት ብቻ እንደዚህ ያለ ነገር ሊደርስ እንደሚችል የአቃባ ነገር ያስረዳል። ሰኔ 20 ቀን 2014 ዓ. ም. በዮርዳኖስ መንግሥት በአቃባ ወደብ ወደ 25 ቶን ክሎሪን የያዘ ታንክ ወደ መርከብ ሲጫን የማንሻው ገመድ ተበጥሶ ወደቀ፤ ብጫው ደመና ወደቡን ሸፈነው። 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችም ተጎዱ። ይህን ሁሉ ያደረገ አንድ ገመድ ነው።

የእሳት መድኃኒት ውኃ ነው ብለን ሁላችን ተምረናል። በሣርና በእንጨት ቤት ይህ እውነት ነው። በፋብሪካ ግን ውኃ አንድ ጊዜ ይረዳል፥ አንድ ጊዜ ያጠፋል። ክሎሪን በሚያፈስሰው ቀዳዳ ላይ ውኃ የረጨ ሰው ጋዙን ወደ አሲድ ለውጦ ብረቱን ያስበላዋል፤ ጠባቡንም ቀዳዳ ያሰፋዋል። የተማረ ሠራተኛ ግን በርሜሉን አንከባልሎ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ መውጣቱ ቀርቶ ጋዙ ብቻ ስለሚወጣ ጉዳቱ ብዙ እጅ ይቀንሳል። ቀዳዳው የት እንደ ሆነ ለማወቅም በአሞኒያ ውኃ የረጠበ ጨርቅ በእንጨት ጫፍ አስሮ ያስጠጋል፤ ጋዙ በሚወጣበት ላይ ነጭ ጢስ ይታያል።

አሞኒያን ካነሣን፥ ትላልቅ የቢራ ፋብሪካዎችና የበረዶ ቤቶች ለማቀዝቀዣ የሚጠቀሙት በርሱ ነው። አሞኒያ ውኃን እጅግ ስለሚወድ፥ በአየር ላይ የተበተነውን እንደ ጉም አድርገው በሚረጩት ውኃ ይይዙታል። ነገር ግን በምድር ላይ በተኛው ፈሳሽ አሞኒያ ውኃ ቢያፈስሱበት ይብስ ይተናል። የአልኮል እሳትም ሌላ ጠባይ አለው፤ በቀን ብርሃን ነበልባሉ ለዓይን እምብዛም አይታይም፥ ለቤንዚን እሳት የሚረጨው አረፋም በአልኮል ላይ ሲያርፍ ይፈርሳል፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ልዩ አረፋ ያስፈልገዋል። በየብየዳ ቤቱ የሚገኘው ካርባይድ ደግሞ ውኃ በነካው ጊዜ ራሱ የሚነድ ጋዝ ያወጣል። አንድ የእሳት አደጋ መኪና በአንድ ዓይነት አረፋና በአንድ ታንክ ውኃ ወደነዚህ ሁሉ ቢላክ፥ ሐኪም ለሁሉም በሽታ አንድ ክኒን ይዞ እንደ ሄደ ያህል ነው።

በዚህ ነገር ዋጋውን አስቀድመው የሚከፍሉት እሳት አጥፊዎች መሆናቸውን ታሪክ ያስረዳል። ሚያዝያ 8 ቀን 1939 ዓ. ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ሲቲ ወደብ የአሞኒየም ናይትሬት ማዳበሪያ ከጫነ መርከብ ጢስ ታየ። የከተማው በጎ ፈቃደኞች እሳት አጥፊዎች 28 ነበሩ፤ መርከቡ በፈነዳ ጊዜ 27ቱ አለቁ። በጠቅላላው የሞተው ሰው ወደ 580 ይደርሳል። ነሐሴ 6 ቀን 2007 ዓ. ም. በቻይና በቲያንጂን ወደብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ ሲፈነዳ የሞቱትና ደብዛቸው የጠፋው 173 ሰዎች ሲሆኑ፥ ከነርሱ ከመቶ የሚበልጡት እሳቱን ለማጥፋት የተላኩ ሰዎች ነበሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ. ም. ብዙ ኢትዮጵያውያት እኅቶቻችን በሚኖሩባት በቤይሩት ከተማ በወደቡ መጋዘን እሳት ተነሣ ተብሎ አሥር ሰዎች ያሉበት የእሳት አደጋ ቡድን ሄደ። መጋዘኑ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት እንደ ያዘ አልተነገራቸውም። አሥሩም ሞቱ፤ ከከተማውም ሰው ከ200 በላይ ሞተ።

በሦስቱም ስፍራ ድፍረት አልጎደለም። የጎደለው አንድ ወረቀት ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ምን ዓይነት ነገር፥ ምን ያህል፥ በየትኛው ቤት ተቀምጧል የሚል ወረቀት። እኛ ዛሬ በሰበታም ሆነ በለገጣፎ ለገዳዲ ላሉት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጻፍ የምንለምነው ይህ ወረቀት ነው። ወጪውም የአንድ ጸሐፊ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። አንዱ ቅጅ በዘበኛው ቤት በደጃፉ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ይላክ፤ ሦስተኛው በአቅራቢያው ላለው ሆስፒታል ይሰጥ። ዕቃው በተለዋወጠ ቁጥርም ይታደስ። ነጋዴ የግምጃ ቤቱን ዝርዝር ሲጠየቅ ለግብር መስሎት የሚደብቅ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ከግብር ሰብሳቢው የተለየ መሆኑ አስቀድሞ ቢነገር መልካም ነው።

ለሆስፒታልም ይሰጥ ያልነው በከንቱ አይደለም። በኅዳር ወር 1977 ዓ. ም. በህንድ አገር በቦፓል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ መድኃኒት ፋብሪካ ወደ 40 ቶን የሚገመት መርዝ በሌሊት ወጥቶ በተኛው ሕዝብ ላይ ፈሰሰ። መንግሥቱ የመዘገበው የወዲያው ሙት ብቻ በሺሕ የሚቆጠር ነበረ። ለሕዝቡ የሚነፋው የማስጠንቀቂያ ፊሽካ ጥቂት ጮኾ ወዲያው ተዘጋ፤ ሕዝቡም ወዴት እንደሚሸሽ የነገረው ስላልነበረ ብዙው ሰው ከነፋሱ ጋር አብሮ ሮጠ። ወደ ሆስፒታል የደረሱትን የተቀበሉ ሐኪሞች የመርዙን ስም የሚነግራቸው አጥተው ዓይንና ጉሮሮ ሲያጥቡ አደሩ።

እንግዲህ ፋብሪካው የራሱ እሳት አጥፊዎች ሊኖሩት ይገባል የምንልበት ምክንያት ይህ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው መኪና የቱንም ያህል ቢፈጥን፥ የመንገዱ መጨናነቅ የታወቀ ነው። የፋብሪካ እሳትና የጋዝ መፍሰስ ግን የሚሸነፈው ወይም የሚያሸንፈው በመጀመሪያዎቹ አምስትና ዐሥር ደቂቃዎች ነው። በዚያ ጊዜ በስፍራው ያሉት የቀኑ ወይም የሌሊቱ ተረኛ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተራ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተመርጠው ይህን ሥራ መማር አለባቸው። በጀርመን አገር ልዩ አደጋ ያለበት ፋብሪካ የራሱን እሳት አጥፊ ቡድን እንዲያቆም በሕግ ይገደዳል፤ ባለቤቱም ወጪውን እንደ ማሽኑ ወጪ ይቈጥረዋል።

ለነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ብዙ አይደለም፤ ግን ያለ እርሱ መግባት የለባቸውም። በጀርባ የሚታዘል የአየር ጠርሙስና ፊትን የሚሸፍን ጭምብል ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱም ጠርሙስ በከባድ ሥራ ላይ ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። ተራው የአፍንጫ መሸፈኛ፥ ወይም በውኃ የረጠበ ነጠላ፥ ከጋዙ መካከል ለመሸሽ ጥቂት ሊረዳ ይችል ይሆናል፤ ገብቶ ለመሥራት ግን አይሆንም። ብቻውን የሚገባ ሰው አይኑር፤ ሁለት ይግቡ፥ ሌሎች ሁለት ደግሞ ጭምብላቸውን ለብሰው በውጭ ይጠብቁ። የወደቀ ባልንጀራን ለማንሣት ያለ ጭምብል ተከትሎ የገባ ሁለተኛ ሰው፥ እርሱንም ለማውጣት የገባ ሦስተኛ፥ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረው የተገኙበት ጊዜ ባገራችንም በውጭም ብዙ ነው።

በየግድግዳው የተሰቀለውን ቀይ የእሳት ማጥፊያ ሁላችንም እናየዋለን። ቆጣሪ ባለሥልጣን በመጣ ጊዜ ስንት እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን፥ ሠራተኛውም ማሰሪያውን እንዴት እንደሚነቅል ማወቁን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዲያቆን ቅዳሴውን በቅዳሴው ዕለት አይማርም፤ አስቀድሞ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፥ በቃሉ ይዞ፥ ዜማውን ደጋግሞ ነው ወደ መቅደስ የሚገባው። እሳት አጥፊም እንደዚሁ ነው። ልምምዱ በየሦስት ወሩ ቢደረግ፥ አንዱም በሌሊት ቢሆን፥ የተጻፈው ደንብ ትርጉም ያገኛል።

ሕግ ጎድሎናል ለማለት አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ አየሩንና ውኃውን የሚያበላሸውን ይከለክላል። ከነዚህም እጅግ የሚቀድም ሕግ ለካህናት የታወቀ ነው፤ በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከሰገነቱ ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን እንዲከልል ታዝዟል፤ በኦሪት ዘፀአትም እሳት ለኩሶ የሌላውን አዝመራ ያስበላ ሰው እንዲከፍል ተጽፏል። በሁለቱም ስፍራ ሕጉ አላየሁም፥ አላሰብኩም የሚለውን ባለቤት አይለቀውም። የዘመኑ ሰገነት የኬሚካል ታንክ ነው፤ ክልሉም ታንኩ ቢቀደድ ፈሳሹን የሚይዘው በዙሪያው የሚሠራው ግንብ ነው። ይህን ግንብ ሳይሠራ የሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ባለሀብት ሲመጣ፥ ፈቃዱን የሚፈርመው ሹም ብዕሩን ቢያዘገይ ልማትን አዘገየ ሊባል አይገባውም።

ስለዚህ ግንብ ሌላም ነገር አለ፤ ለገዳዲንም በተለይ የሚነካ ነው። ጥቅምት 22 ቀን 1979 ዓ. ም. በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ሳንዶዝ የሚባለው ኩባንያ መጋዘን ተቃጠለ። እሳት አጥፊዎቹ ደከሙ፥ እሳቱንም አጠፉ፤ ነገር ግን የረጩት ውኃ የተቃጠለውን የፀረ ተባይ መድኃኒት ይዞ ወደ ራይን ወንዝ ገባ። ወንዙ ቀይ መሰለ፤ ዓሣው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ አለቀ፤ በታች ያሉት አገሮች የመጠጥ ውኃ መቅጃዎቻቸውን ዘጉ። እሳቱ የገደለው ሰው አልነበረም፤ ወንዙን የገደለው የማጥፊያው ውኃ ነው። እንግዲህ ወደ ለገዳዲ ወይም ወደ ገፈርሳ ግድብ የሚወርድ ጅረት ባለበት ሸንተረር ላይ ማንኛውም የኬሚካል መጋዘን ቢሠራና ቢቃጠል፥ እሳቱን ለማጥፋት የምንረጨው ውኃ በመጨረሻ ወዴት ይሄዳል? ወደ ማድጋችን ነው። ስለዚህ ከግድቦቹ በላይ ባለው መሬት ላይ እንዲህ ያለ መጋዘን ባይፈቀድ የተሻለ ነው፤ ቀድሞ የተሠራ ካለም የማጥፊያውን ውኃ የሚያጠራቅም ጉድጓድ ሳያስቈፍር አንድ በርሜል እንኳ ባያስገባ ይገባል።

የውኃ ማጣሪያው ራሱም ከሌላ ፋብሪካ የሚለይበት ነገር አለ። የጨርቅ ፋብሪካ አደጋ ቢደርስበት ሠራተኛው በሩን ቈልፎ ይሸሻል፤ ጨርቁ ቢዘገይ ሰው አይጠማም። ማጣሪያው ግን ሠራተኛው በሸሸ ጊዜ ከተማው ይጠማል፤ እሳት በሌላ ሰፈር ቢነሣም በቧንቧው የሚመጣው የማጥፊያ ውኃ ይጎድላል። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ከሽሽት ሌላ አሳብ ያስፈልጋል፤ ጋዙ የማይገባበት፥ በሩ አጥብቆ የሚዘጋ፥ ጭምብልና አየር የተዘጋጀበት፥ መክፈቻዎቹንም ከሩቅ የሚያዝዙበት አንድ ክፍል፥ በውስጡም ሥራቸውን የሚያውቁ ተረኞች ያስፈልጋሉ። እነዚህን ሰዎች የጦር ግንባር ዘበኛ ያህል ልናከብራቸው ይገባል፤ ደመወዛቸውም ይህን እንዲመስል።

ካህናትን በዚህ ነገር ለምን ጠራን ቢባል፥ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ባገራችን ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ በጉብታ ላይ ይሠራል። ከባዱ ጋዝ ወደ ሸለቆ የሚወርድ ከሆነ፥ ሕዝቡ መውጣት የሚገባው ወደ ጉብታ ነው። ሁለተኛ፥ በሌሊት ሳይቀር በመንደሩ ሁሉ የሚሰማ፥ ሕዝቡም የሚያምነው ድምፅ የደብሩ ደወል ነው። በፋብሪካ አጠገብ ያሉት አጥቢያዎች አስተዳዳሪዎችና የፋብሪካው ኃላፊዎች ተነጋግረው፥ ከጸሎትና ከቀብር ደወል የተለየ፥ ለዚህ ነገር ብቻ የሚደወል ምልክት ቢወስኑ፥ ሕዝቡም ምልክቱን በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቢማረው መልካም ነው። መስጊዶችም በድምፅ ማጉያቸው ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ። በፋብሪካው ግቢም በረጅም እንጨት ላይ ነፋሱን የሚያሳይ ጨርቅ ይሰቀል፤ ሰው ሁሉ ከሩቅ አይቶ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይወቅ።

ለሕዝቡ የሚነገረውም ቃል አጭር ነው። ደወሉ ሲሰማ ወደ ፋብሪካው አትሩጡ። ነፋሱን ወደ ጎን አቋርጡ እንጂ ከርሱ ጋር አብራችሁ አትሂዱ፤ ወደ ከፍታም ውጡ። መውጣት የማትችሉ፥ በተለይም ሽማግሌዎችና አራስ ሴቶች፥ ከቤት ግቡ፤ በርና መስኮቱን ዝጉ፥ ስንጥቁን በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፥ ምድጃውን አጥፉ፤ ወደ ምድር ቤት ግን አትውረዱ። ከብት ለመፍታት ብሎ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ከከብቱ ጋር እንደሚቀርም ይነገር፤ ባላገር ላሙን ትቶ ለመሸሽ የሚከብደው መሆኑን ስለምናውቅ ይህን ለይተን እንጽፋለን።

የቀረው የሁለቱ አስተዳደሮች ነገር ነው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን በ939 የስልክ ቁጥር ሲጠራ ከከተማው ወሰን ውጭ ወደ ሸገር ከተማም ሲሄድ ቆይቷል፤ የሚመሰገን ነው። ሆኖም በጨለማ፥ በማያውቀው መንገድ፥ ወደማያውቀው ግቢ የሚገባ መኪና ይዘገያል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ. ም. በመርካቶ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት፥ በከተማው ልብ እንኳ፥ የመንገድ መጥበብ ምን ያህል እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ሹማምንት አስቀድመው ተገናኝተው፥ ለየፋብሪካው መግቢያውን፥ የውኃ መቅጃውንና የመኪናውን መዞሪያ የሚያሳይ ካርታ ቢለዋወጡ፥ በአደጋው ስፍራም የሚያዝዘው ማን እንደ ሆነ ዛሬ ቢወስኑ ይገባል። ሁለት አዛዥ ባለበት እሳት ፊት ሠራተኛው የማንን ቃል ይስማ?

አንዲት ትንሽ ነገር እንጨምር። በ1896 ዓ. ም. በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ ስትቃጠል ከሌሎች ከተሞች እሳት አጥፊዎች በባቡር ደርሰው ነበረ። ነገር ግን የብዙዎቹ የጎማ ቧንቧ አፍ ከባልቲሞር የውኃ መክፈቻ ጋር አልገጠመም፤ ከ1,500 የሚበልጡ ሕንፃዎች ተቃጠሉ። የአዲስ አበባ መኪናዎች የቧንቧ አፍ በሸገር ከተማ ፋብሪካዎች ግቢ ካለው የውኃ መክፈቻ ጋር ይገጥም እንደ ሆነ ለማወቅ፥ አንድ መኪናና አንድ ሠራተኛ ከሰበታ እስከ ለገዳዲ እየዞረ ቢሞክረው ሥራው ከአንድ ወር አያልፍም። የማይገጥመው በተገኘበት ግቢ ደግሞ መቀየሪያው ዋጋ በባለ ፋብሪካው ይከፈል፤ መቀየሪያውም ከዘበኛው ቤት፥ ከዚያ ከዝርዝሩ ወረቀት አጠገብ ይሰቀል።